ለማየት ያህል የጻፍኳት ዜሮ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም ገደፍኩ፣ ሰው አማሁ፣ ተቆጣሁ እያልኩ ጥቃቅኑን ስዘረዝር ይቺን ብቻ እየዘለልኩ ስንቴ ተናዝዤ ተመልሻለሁ። እግዜር አያየኝም ብዬ ነው? አይደለም። አፌን ከፍቼ ከተናገርኳት ዳግመኛ ልሸሻት እንደማልችል ስለማውቅ ነው። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ሲፈጥረኝ ነገር መነካካት እወዳለሁ። ልጅ ሆኜ የአባቴን ሬዲዮ ፈታትቼ መልሶ መግጠሙ አቅቶኝ ተገርፌያለሁ። አባቴ ከደጋ ወርዶ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ እዚሁ የሂሳብ አስተማሪ ሆንኩ። ውጤት በወረቀት መመዝገብ ቀርቶ በኮምፒውተር ይሁን ሲባል ሌሎቹ አስተማሪዎች ፊታቸውን አጠቆሩ፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ራሱ ይደምራል፣ ራሱ ደረጃ ያወጣል! ሆዱ ውስጥ ምን ቢኖር ነው? ርዕሰ መምህራችን «በል አንተ አሳያቸው» አሉኝና ልቤ አበጠ።

በወረቀቱ ዘመን አንድ ልማድ ነበረን። ድርቅ ሲጠና ከታች ቆላው፣ ከጎልቦ፣ የሚመጡት የአርብቶ አደር ልጆች ግመሎቹን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ፈተናው ያልፋቸዋል። እኛም ከስማቸው ትይዩ በእርሳስ ነጥብ እናደርጋለን። ነጥብ ማለት «ይመጣል፣ ይፈተናል» ማለት ነው። ዝናብ ጥሎ ሲመለሱ እንፈትናቸውና ነጥቡን አጥፍተን ውጤታቸውን እንጽፋለን። ይህን ያዘዘን ማንም የለም፤ አገሩን ስለምናውቅ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ነጥብ አልቀበልም አለ። እሱ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው።

ቃባሌ ነጥብ ከነበረባቸው ልጆች አንዷ ናት። እዚሁ ከተማ ሄሉ ሰፈር አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር፣ ነገር ከሥሩ ካልገባት የማትለቅ ልጅ። አባቷ ጋልማ «የዚህ ተርም ውጤቷ ጥሩ ከሆነ ትማር፤ ካልሆነ ግመሎቹ ይፈልጓታል» ብሎ ቆርጦ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ከግመሎቹ ጋር ስትሄድም «አይዞሽ፣ ስትመለሺ እፈትንሻለሁ» ብያታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ ከስሟ ጎን ያለውን ባዶ ሳጥን አየሁት። ዜሮ ቢገባበት ምን ይሆናል? ሲያሠለጥኑን ቀይ ይሆናል ብለውናል። ስሟ ብቻ ነው ወይስ መስመሩ በሙሉ? ዜሮ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ። መስመሩ በሙሉ ቀይ ሆነ፤ ስሟም እያየሁት ከክፍሉ መጨረሻ ወረደ። እውነቱን ልንገራችሁና ደስ አለኝ። ላጠፋው ስል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ነገ አጠፋዋለሁ ብዬ ዘግቼ ሄድኩ። ዜሮው ግን ቀድሞ ገብቶ ኖሯል፤ ልጅ ሲወድቅ ሲስተሙ ራሱ ለወላጁ ስልክ መልእክት እንደሚልክም ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ጋልማ በቦዳቦዳ ሞተር ተሳፍሮ መጣ። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ ቆመው ነበር። ጋልማ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ከብት ሲሸጥ በለመዳት አማርኛ፣ አስተማሪ የሚለውን ብቻ በስዋሂሊ እያለ፣ ስልኩን ወደኔ ዘርግቶ፣

«ምዋሊሙ፣ ልጄ ከግመል ጋር ናት። ዜሮ ከየት መጣ? ይሄ ማሽን አይሳሳትም?» አለኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ርዕሰ መምህሩ አዩኝ። ሌሎቹ አስተማሪዎች «ይሄ ነገር ይሳሳታል» ባሉ ቁጥር «የምትሳሳቱት እናንተ ናችሁ» እያልኩ አፋቸውን ያስያዝኩ እኔ ነኝ። አሁን ምን ልበል?

«አይሳሳትም» አልኩት።

ጋልማ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እሺ። ማሽን ለሰው አያዳላም» ብሎ ሄደ።

ዝናብ ጣለ። የጎልቦ ልጆች ተመለሱ፤ ቃባሌ አልተመለሰችም። እኔስ ፈለግኳት? ጎልቦ ድረስ ሄድኩ? አልሄድኩም። ዜሮውን አጠፋሁና ሳጥኑን ባዶ ተውኩት። ማንም አልጠየቀኝም።

ባለፈው ሰሞን፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ከብት ገበያ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። ሮጣ መጥታ ሰላም አለችኝ፤ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ፈገግ ብላ፣

«ምዋሊሙ፣ አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ያ ማሽን ግን እንዴት አወቀ?»

«ምኑን?»

«ሳልፈተን እንደምወድቅ።»

አላሾፈችብኝም። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እንደምትጠይቀው ነበር የጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የማትችል ልጅ እንደነበረች አምና ኖራለች። እኔም «እንግዲህ የማሽን ነገር» ብዬ ልጇን ስሜ ሄድኩ። አዎ፣ እንደገና ዋሸሁ።

ለማወቅ ጓጉቼ ነው ብዬ አልከላከልም። ዜሮውን የጻፍኩት ለማየት ነው፤ «አይሳሳትም» ያልኩት ግን ላለመታየት ነው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ጎልቦ ሄጄ «ማሽኑ ምንም አላወቀም ቃባሌ፤ ብትፈተኚ ታልፊ ነበር» እስክላት ድረስ ማንም ይቅር አይበለኝ።