ጠዋት የተቀቀለ መርፌ

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን በጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። የሰፈራችን ሰው ግን ሲታመም ወደ እኛ መምጣት አይወድም። ደርግ ሲወድቅ ከጦር ሠራዊት የተመለሰ ጎረቤት ነበረን፤ እዚያ ቁስለኛ ያክም ነበር ይባላል። ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። ትኩሳት የያዘው ሁሉ እሱ ቤት ሄዶ መርፌ ይወጋል። እኛ ክኒን ስንሰጠው ሕመምተኛው ቅር ይለዋል፤ ያላሳመመ ነገር መድኃኒት አይመስለውም።

ታላቅ እህቴም እንደዚያው ነበረች። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ባለ ትዳር ሴት ናት። በየክረምቱ ወባ ሲጥላት እሱ ዘንድ ትሄዳለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ከእሷ በፊት አንድ ሽማግሌ የተወጋበትን መርፌ ዶክተሩ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቆ ለእሷ መድኃኒት ሊቀዳበት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ሳይቀቅሉት ነው?»

«ጠዋት ቀቅዬዋለሁ» አለኝ።

ኤች አይ ቪ ከአንዱ ደም ወደ ሌላው በዚያው መርፌ እንደሚሻገር ነገርኩት። እሱ በዝሙት ብቻ የሚመጣ በሽታ ነው ብሎ ተከራከረኝ። እህቴ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብላ ተቆጣች፤ በማግስቱ ብቻዋን ሄዳ ተወጋች።

ከዓመታት በኋላ ከሳች፣ ሳል አልለቃት አለ። ደሟ ደጋ ወዳለ ሆስፒታል ተልኮ ሲመረመር ቫይረሱ ተገኘባት። ባሏም ተመረመረ፤ እሱ ነፃ ነበር። ይህ ሲሰማ ዘምታለች ብለው ከመዘምራኑ አስወጧት። ፓስተሩ ዘንድ ሄጄ ስለ መርፌው አስረዳሁት። «ይህን የምትይው እህትሽ ስለሆነች ነው» አለኝ በለሆሳስ። በእርግጥ ከመርፌው ለመምጣቱ ማስረጃ የለኝም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እኔን ያንገበገበኝ ግን ለመጠየቅ እንኳ የፈለገ ሰው መጥፋቱ ነው።

ባሏ አልተለያትም። ሲመሽ ደግፎ ባሮ ዳር ያናፍሳታል። «እሱ ካመነኝ ይበቃኛል» ትለኝ ነበር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋምቤላ ሳይደርስ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ዶክተሩም መጥቶ ከልቡ አለቀሰ። አጠገቤ የተቀመጠች ጎረቤታችን ትኩሳት ያንቀጠቅጣት ነበር። ነገ ጤና ጣቢያ ነይ፣ እኔው አሳክምሻለሁ አልኳት።

«እናንተ ክኒን ብቻ ነው የምትሰጡት» አለችኝና ተነሥታ ዶክተሩ ወደተቀመጠበት ሄደች።