በትራሱ ውስጥ የተሰፋው አበባ

ዛሬ ጠዋት አልጋዬን ሳነጥፍ ከትራሴ ልብስ ውስጥ አንድ ነገር እጄን ቆረቆረኝ። ሳወጣው የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ዙሪያዋን የተሰፋች የጨርቅ ከረጢት ናት። ልጄ በቅርቡ ያገባት ምራቴ አብራን ትኖራለች፤ ከእሷ በቀር ይህን የሚያደርግ የለም። ሽታውን ግን ወዲያው አወቅሁት። ኹዛማ ነው፤ የዛሬ ልጆች ላቬንደር የሚሉት ወይን ጠጅ አበባ። በዚህ ሽታ የተነሳ አንድ ጊዜ ቤታችን ፈርሷል።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከጅዳ የተመለሰች ዘይነባ የምትባል የወግዲ ልጅ አግብቶ፣ እዚሁ መካነ ሰላም እናታችን ቤት ይዟት ገባ። ሥራ የምትወድ፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። እናቴ ደግሞ እንኳን ምራቷን ቅቤ ሻጭዋን የማታምን ሴት ነበረች፤ ቅቤውን በእንጨት ሳትወጋ ገዝታ አታውቅም። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የዘወትር ቃሏ ነው። እኔም የእሷው ልጅ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከሰይድ እንቅልፍ ነው። ሳያገባ ከጫት ጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ሲገላበጥ የሚያነጋ ሰው፣ ካገባ በኋላ ከመግሪብ ሶላት በፊት እየገባ፣ ዘይነባ የምታፈላለትን ሻይ ጠጥቶ እንደ ሕፃን ይተኛ ጀመር። ሌላ እናት አልሐምዱሊላህ ትል ነበር። የኔዋ ግን፣ “ልጄን አደነዘዘችው። ሻዩ ውስጥ ምን እንደምትጨምር እይልኝ” አለችኝ።

አየሁ። ደቃቅ ደረቅ አበባ ትጨምራለች። ልብስ ስታለቀልቅም ያንኑ አበባ ውሃው ላይ ትነሰንሳለች። አንድ ቀን ወደ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ የሰይድን ትራስ ስዳብስ፣ በአረንጓዴ ክር የተሰፋች ከረጢት አገኘሁ። እኛ አገር ተሰፍቶ ሰው ራስጌ የሚቀመጥ ነገር ክታብ ነው፤ ባለቤቱ ካላወቀው ደግሞ መስተፋቅር ነው። ተረተርኳት። ጽሑፍ የለም፣ ሥር የለም፣ አበባ ብቻ። አረንጓዴ ክር ስላጣሁ በነጭ ሰፍቼ መለስኳት።

ለእናቴ ስነግራት ከፍቼ ማየቴን ዘለልኩት። አፍ አፌን እያየች ስትሰማኝ ያ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር፤ ወሬዬ ባዶ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም።

እናቴ ተነስታ ቤቱን ስትበረብር የራሷ ሳጥን ውስጥ፣ በሟች አባቴ በርኖስ እጥፋት መካከል፣ ሌላ ሦስት አገኘች። ከአባቴ የቀራት ያ የሱፍ በርኖስ ብቻ ነው፤ ዒድ በመጣ ቁጥር አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ዘይነባን ጠርታ ሁሉንም ፊቷ ዘረገፈችው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ኹዛማ ነው እማ። ወላሂ ሌላ ነገር የለበትም። ጅዳ ስሠራ ማዳሜ ቤት ልብስ መሀል እናደርገው ነበር። ለሆድ ቁርጠት ይፈላል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። በርኖሱን ብል እንዳይበላብዎ ብዬ ነው።”

“ደግ ነገር ከሆነ ምን አስደበቀሽ?”

“አልደበቅሁትም እማ። ቦታው እዚያ ነው።”

ዘይነባ ጎንበስ ብላ ከረጢቶቹን ስትሰበስብ ነጩን ክር አየችው። ቀና ብላ እኔን አየች። ‘ከፍተሽ አይተሽ የለም? ንገሪያት እንጂ’ የምትለኝ መሰለኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

“ከዛሬ ጀምሮ ከእጅሽ ውሃ አልጠጣም” አለቻት እናቴ።

አማቷ ከእጇ ውሃ የማትጠጣላት ምራት ምን ቤት አላት? በሦስተኛው ቀን ሰይድ ዕቃቸውን ጭኖ ወደ ወግዲ ይዟት ሄደ።

ክረምቱ አልፎ ዒድ ሲደርስ እናቴ በርኖሱን ልታሰጣ ዘረጋችው። ጀርባው ወንፊት ሆኗል፤ ብል በልቶታል። ጣቷን በአንዱ ቀዳዳ አሳለፈች።

“የዚያች ልጅ አበባ ጥቂት አልቀረም?” አለችኝ።

አልቀረም ነበር። ሽማግሌ ልካ እንድታስመልሳት ኩራቷ አልፈቀደላትም፤ እኔም እውነቱን ነግሬ አላገዝኳትም። ሰይድና ዘይነባ አልተመለሱም፤ እናቴም ከረጢቷን ከፍቼ ማየቴን ሳትሰማ ሞተች። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ከረጢቷን ወደ ትራሴ መመለስ ብቻ ነበረብኝ። እኔ ግን መቀስ አመጣሁ። አበባ ብቻ ነው። መልሼ ሰፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው የምራቴ ክር ሰማያዊ፣ የኔ ነጭ መሆኑን ያየሁት። አሁን ከሥራ የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል። ከረጢቷን በእጄ ይዤ በር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሳትጠይቀኝ ልነግራት።