ጃርት የቆፈረው እንሶስላ

ዛሬም ጃርቱ እንሶስላዬን ከነአበባው ጥሎ፣ ሥሩን በልቶት ሄዷል። ሦስተኛ ዓመቱ ነው። እሾህ ባጥር፣ አመድ ብነሰንስ ምንም አልሆነልኝም።

የተቆፈረው አፈር ሲሸተኝ ቡሬ ያለው የአያቴ ጓሮ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ፣ ለመስቀል እግሬን ላቀላ ብዬ፣ አበባው ሳይረግፍ ሥሩን ነቅዬ ወቀጥሁት፤ እግሬን ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልዬው አደርሁ። ጠዋት አያቴ ባዶውን ጉድጓድ አይተው ቀይ እግሬን ያዙና፣

«ለዘር እንኳ ትንሽ አላስተረፍሽም፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ረሳሁት፣ እማማ።»

«የእግርሽስ ቀለም ሰንብቶ ይለቃል። እኔ ለከርሞ ምን ልትከል?»

ይኸው ዛሬ ጉድጓዱን በጣቴ ብፈትሽ፣ ጃርቱም አላስተረፈም። ተናድጄ ልረግመው አፌን ስከፍት፣ «ለዘር እንኳ ትንሽ አላስተረፍህም?» አልሁት። እኔስ ለከርሞ ምን ልትከል?