ገመዱ ያነሳኝ ቀን

ባለፈው ዓርብ ልጄን ሰብለን የሳይንስ ሙዚየም ወሰድኳት። በሩን አልፈን እንደገባን አንድ ገመድ ስትይዝ «አትንኪ!» ብዬ ጮህኩባት።

አስጎብኚዋ ወጣት ሳቀች። «አባባ፣ እዚህ የተከለከለው አለመንካት ነው።»

ሁለት ወንበሮች ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ በአንድ ፑሊ፣ ሌላው በብዙ። አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው በገመድ ያነሳዋል። ፑሊውን፣ ገመድ የሚያልፍበትን ያን ጎማ፣ ሳይ የወጣትነት ውርደቴ ትዝ አለኝ።

በሃያ ዓመቴ እዚሁ ጅቡቲ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ዕቃ አውራጅ ነበርኩ። ከባድ ሳጥን ከፉርጎ ስናወርድ ላይ በታሰረ ፑሊ የሚያልፈውን ገመድ አራት ሆነን እንይዝ ነበር። አንድ የሐምሌ ሐሙስ ጠዋት፣ ነፋሱ አሸዋውን ከዳቦአችን ጋር እያስቆረጠመን፣ «ፑሊ እያለ አራት ሰው ምን ያደርጋል? ብቻዬን እይዘዋለሁ» አልኩ። ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምኩ። ጓደኞቼ ሳጥኑን ገፉት። ሳጥኑ ወረደ፤ እኔ ወጣሁ።

«ከላይ ሆነህ ባቡሩ ድሬዳዋ መድረሱን ንገረን!» አለኝ ከመካከላቸው ታደሰ።

አለቃችን ሐጂ ሮብሌ ግን አልሳቁም። «ነገ ሰው ትገድላለህ። ሂድ፣ ሥራ የለህም።»

«ሐጂ፣ ስህተቴን ባውቀውስ?»

«ቅዳሜ አሳየኝ። ካልቻልክ ወደ አገርህ ተሳፈር።»

ዓርብን ሙሉ ካርቲዬ ዶ በሚባለው ሰፈር፣ በተከራየሁበት ግቢ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ሳነሳና ሳወርድ ዋልኩ። መዳፌ ተላጠ። ወደ ማታ ገባኝ፦ ላይ የታሰረ አንድ ፑሊ የገመዱን አቅጣጫ ይቀይራል እንጂ ሸክም አያቀልም። ሌላ ፑሊ ዕቃው ላይ ሲታሰር ግን እጅ ላይ የሚያርፈው ክብደት በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚሳበው ገመድ እጥፍ ይሆናል።

ቅዳሜ ፑሊ ጨምሬ ሳጥኑን ብቻዬን፣ በዝግታ አወረድኩት።

«ገመዱ በዛ» አሉ ሐጂ።

«ከጉልበት ያተረፍነውን በትዕግሥት እንከፍላለን።»

«እንግዲያው ለነዚህ ጓደኞችህም አሳያቸው» ብለው ሄዱ።

ያን ያወቅሁት ነክቼ ነው። ያም ሆኖ ልጆቼን «አትንኩ» እያልኩ አሳደግኳቸው። ታላቁ ልጄ ሬዲዮ ቢፈታ ገረፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ፈትቶ አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ በአንድ ፑሊ በተንጠለጠለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰብለ ገመዱን ሳበች፣ ተንጠለጠለችበት፤ ንቅንቅ አላልኩም።

«አባዬ፣ ምን ላድርግ?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። «እኔ እንጃ፣ ሞክሪው።»

ፑሊዎቹን በጣቷ ቆጠረች፣ ገመዶቹን ዳሰሰች። ከዚያ እጄን ይዛ ብዙ ፑሊ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ገመዱን ደጋግማ ሳበች። እግሬ ቀስ ብሎ ከመሬት ተነሳ።