በየዳ የደረሰው ወረቀት

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። በሥራዬ ብዙ ተሳስቻለሁ፤ ይህኛው ግን ሰው “አይዞሽ፣ የማይሳሳት የማይሠራ ብቻ ነው” ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ የማወጣው እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲው ስም ይቆየኝ። ድረ ገጽ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አምስት ገጽ ናት፣ አንዷ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ናት። አዲስ ማስታወቂያ ሲመጣ ያምናውን ገልብጬ፣ ቀኑን ቀይሬ አወጣለሁ። መብራት ሳይጠፋ ልቅደም እያልሁ የለመድሁት አሠራር ነው።

የዚያ ዓመት የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነበር፤ ያምናው ደግሞ ከሚካኤል በኋላ። ያምናውን ገለበጥሁ፣ ዓመቱን ቀየርሁ፣ ቀኑን ሳልነካው እጄ ቀደመኝና አወጣሁት። ስሕተቴን ወዲያው አየሁ። ላርመው ስል መብራት ድርግም አለ።

እኔ ጨለማ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ገጹ ለዓለም እየታየ ነው። ድረ ገጹ የሚቀመጠው ሌላ አገር ስለሆነ የእኛ መብራት መጥፋት አይነካውም። በስልኬ እንዳልገባ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ኮምፒውተሩ እንጂ እኔ አይደለሁም። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ አረምሁት። በግማሽ ቀን ውስጥ ማን ያየዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ሰው አይቶታል። ራቅ ካለው የበየዳ ደጋ ለጉዳይ ደባርቅ የወረደ መምህር ገጹን ፕሪንት አስደርጎ ወስዶ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እዚያ ኔትወርክ እንደ ልብ ስለሌለ ማስተካከያውን ያየ የለም።

ይህን የሰማሁት ምዝገባው ካለቀ በኋላ፣ አንድ አርብ ጧት ነው። የግቢው በር ላይ አንድ አባትና ሴት ልጃቸው ቆመው ጥበቃው አላስገባም ብሏቸዋል። ልጅቷ እናትነሽ ትባላለች። የያዘችውን ወረቀት ተቀብዬ አየሁት፤ የእኔው ማስታወቂያ ነው። ከግድግዳው ገንጥለው ይዘውት መጥተዋል።

አባትየውን ውጭ አስቀምጬ ሬጅስትራር ገባሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው ብዬ ለመንሁ። ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ።

“ተዘግቷል፤ ከላይ ካልተፈቀደ እኔም አልከፍተውም።”

ከላይ ያሉት ስብሰባ ሄደዋል፤ ስልካቸውም አይነሳም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቼ ያገኘሁት መልስ “ለሚቀጥለው ዓመት ታመልክት” የሚል ነው።

የእነሱ መንገድ በደባርቅ ነው፤ የእኔም ቤተሰቦች እዚያው ስለሆኑ በአንድ ሚኒባስ አብረን ሄድን። ዳባት ስንደርስ አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“አንችን አምኘ! ስንት ጊዜ ደጋግመሽ አንብቢው አልሁሽ? ከሚካኤል በኋላ ነው ያልሽኝ አንች አይደለሽም?”

“ይኸው አባየ፣ እንደዚያ ነው የሚለው” ብላ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

“አባቴ፣ እሷ በትክክል ነው ያነበበችው” አልሁ። “የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ይህን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ።”

አዩኝና ፈገግ አሉ። “ተይ ልጄ፣ ከጧት ጀምሮ ስትንከራተችልን መዋልሽ አንሶ ጥፋቷንም ልትሸከሚላት? ሴት ለሴት ስትተዛዘን ደስ ይላል። ግን የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ይስታል እንዴ!”

ማልሁላቸው። ብምል ብገዘት አልሰሙኝም። “ተባረኪ፣ ወልደሽ ሳሚ” እያሉ መረቁኝ። እያንዳንዱ ምርቃት እንደ ጥፊ ነበር።

ደባርቅ ስንወርድ አባትየው የበየዳ አይሱዙ ሊፈልጉ ሄዱ። እናትነሽ አጠገቤ ቆማ ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈችው።

“እኔ አምኘሻለሁ እህቴ” አለችኝ። “ግን እኔ ባምንሽ ምን ይሆናል? ለመንደሩ ሁሉ ያነበብሁት እኔ ነኝ።”

አባቷ ተመልሰው ጠሯት። ቁሜ ሲሄዱ አየሁ።

በየዓመቱ የአዲስ ተማሪዎችን ስም ከማውጣቴ በፊት እናትነሽ የሚል እፈልጋለሁ። እስካሁን አላገኘኋትም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ይሆናል እላለሁ፤ አላውቅም። አባቷ ግን ልጄ አሳምራ ማንበብ አትችልም ብለው ዛሬም እንደሚያምኑ አውቃለሁ፤ ያንገበግበኛል።