ሸፍነሽ አስቢ

ጋሽ አባይነህ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ለቡ ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለችው የመሰብሰቢያ ክፍል ልጆችን ቼዝ ያስተምራሉ። ከሁሉ አስቀድመው የሚያስለምዷቸው አንድ ነገር ነው፤ ጠጠር ሳትነኩ የምትጫወቱትን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በእጃችሁ ሸፍኑት፣ እንደገና አስቡ። ውድድር ላይ ቀድሞ መጻፍ እንደማይፈቀድ ያውቃሉ። ዳኞቹ ግን “ልጆች ናቸው” እያሉ አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር።

ዘንድሮ ወረቀቱ ቀረ። ላፍቶ ወዳለው የውድድሩ አዳራሽ ሲገቡ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ስልክ የሚያህል መመዝገቢያ ታደለ። የተጫወቱትን መስታወቱ ላይ በጣት እየነኩ የሚመዘግቡበት ነው።

“ጋሼ፣ ጌም አለው?” አለ ሚኪ፣ ከተማሪዎቻቸው ትንሹ።

“አንተ መጀመሪያ ፊትህ ያለውን ጌም አሸንፍ!” አሉትና ልጆቹ ሳቁ።

ዋና ዳኛዋ ጸደንያ ልጅ ሳለች የእሳቸው ተማሪ ነበረች። “ተጫውታችሁ መዝግቡ። ቀድሞ የመዘገበ በእኔ ስክሪን ላይ ይታየኛል፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ጨዋታውን ይሸነፋል” አለች።

ጋሽ አባይነህ ወደ ሌላዋ ተማሪያቸው ወደ ሌንሳ ጎንበስ አሉ። “ሰማሽ?”

“እሺ ጋሼ” አለች ሌንሳ፣ የተተረተረ የሹራቧን እጅጌ በአውራ ጣቷ ይዛ። አሥር ዓመቷ ነው። ይህን የመጨረሻ ጨዋታ እኩል እንኳ ብትወጣ የክፍለ ከተማው ቡድን ውስጥ ትገባለች።

መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር። ጨዋታው ሲከብዳት ግን ጣቷ ቀድሞ መስታወቱ ላይ አረፈ። ጸደንያ መጥታ አስጠነቀቀቻት። ጥቂት ቆይታ ሌንሳ ደገመችው።

ከዚያ የተጋጣሚዋ ፈረስ ንግሥቷ ላይ አነጣጠረ። ጋሽ አባይነህ ተመልካች ከሚከለክለው ገመድ ወዲያ ሆነው ጣቷ ሲነሣ አዩ። ቢያስሉ ምልክት ሰጡ ይባላል። ባርኔጣቸውን ጨምድደው ያዙ። ሌንሳ መስታወቱን ነካች፣ በመዳፏ ሸፈነችው፣ አሰበች። ከዚያ የመዘገበችውን አጥፍታ፣ ሌላ፣ እጅግ የተሻለ ጨዋታ ተጫወተች።

ጸደንያ መጥታ “ሦስተኛሽ ነው” ብላ ሰዓቱን አቆመች።

በኋላ በሩ ላይ ጋሽ አባይነህን አገኘቻቸው። “ጋሼ፣ እኔንም እንዲሁ ነው ያስለመዱኝ። ግን በሁሉም ፊት የተናገርኩትን…”

“ልክ ነሽ፣ ልጄ።”

ታክሲ ውስጥ ሌንሳ አላለቀሰችም። “ጋሼ፣ መጀመሪያ የነካሁት ንግሥቴን ያስበላኝ ነበር። ስሸፍነው ነው ያየሁት።”

“አይቻለሁ።”

“ታዲያ ምን አጠፋሁ?”

“አንቺ አይደለሽም” አሉ። እስከ ለቡ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን አዩ።

ሰኞ ልጆቹ ሳይመጡ ወንበር ላይ ወጥተው፣ በገዛ እጃቸው ጽፈው ግድግዳው ላይ የለጠፉትን “ጻፉ፣ ሸፍኑ፣ አስቡ” የሚለውን ካርቶን ነቀሉት። ቀለሙ የደበዘዘው ግድግዳ ላይ የካርቶኑ ቅርጽ ቀረ። ሌሎቹ ልጆች መጡ። ሌንሳ አልመጣችም።