ማንም የማያዘው አውሮፕላን

ኢብሲቱ ዕቃ ከምታሽግበት የሻኮፒ ከተማ ዌርሃውስ ሺፍቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ ሜዳ ላይ የሞዴል አውሮፕላን ውድድር አየችና መኪናዋን አቆመች። ከወንዶቹ መሃል አንዲት ጠና ያለች ሐበሻ፣ የሆስፒታል ባጇን እንኳ ሳታወልቅ፣ የወረቀት አውሮፕላኗን ፕሮፔለር የሚያሽከረክረውን ላስቲክ ታከርራለች።

“እትዬ፣ ሪሞቱስ?” አለቻት ኢብሲቱ።

“የለውም። አንዴ ከለቀቅሁት ማንም አያዘውም።”

“ሰው አይስቅብዎትም?”

“ባሌ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ክንፉን ረገጠው። ክንፉን ጠገንኩ፣ ባሌን ተውኩ።”

ከሳጥኗ ትንሽ አውሮፕላን አውጥታ፣ ላስቲኩን አክርራ አስጨበጠቻት። “ይሄ የጀማሪ ነው። ለሚቀጥለው ውድድር አንቺም ትመዘገቢያለሽ።”

“ኧረ እኔ አልችልም!” ኢብሲቱ ወደሚያዩዋት ወንዶች ዞረች።

ሴትዮዋ አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት። “እነሱን ተያቸው። ሰማዩን እያየሽ ልቀቂው።”

ለቀቀችው። ከወንዶቹ ራስ በላይ ሲያልፍ፣ በከባዱ የሥራ ጫማዋ እየሮጠች ተከተለችው።